ያልተየብኩት ደብዳቤ

ባለቤቴ በመሥሪያ ቤት ሕይወቱ የጻፈውን ደብዳቤ ሁሉ የተየብኩት እኔ ነኝ። የፈቃድ ጥያቄውን፣ የወረቀትና የቀለም መጠየቂያውን፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማኅደሮቹ እንዳይበሰብሱ ብሎ ያመለከተውን፣ ሁሉንም። አንዱን ብቻ በእጁ ጽፎ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ሳያሳየኝ አስገባ። ያ ደብዳቤ ምን እንደሚል ሳላውቅ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖርኩ። እሱም ባለፈው ጥቅምት ሞተ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ነው። የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው። ታይፒስት ሳለሁ ጣቶቼ ከሐሳቤ ይቀድሙ ነበር፤ አሁን በቀን አንድ ገጽ ከሞላሁ ለእኔ ብዙ ነው። ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ከተነሳ ወዲህ እጄም እንደ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መሥሪያ ቤታችን ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ የቤትና የቦታ ጉዳይ የሚታይበት ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ እኔ እያለሁ እንኳ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። እኔ ጽሕፈት ክፍል ስቀጠር እሱ መዝገብ ቤት ነበር። የሚገባውን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግባል፣ ከየማኅደሩ ጋር ያሥራል፣ ወደየክፍሉ ይልካል። የተየብኩትን ይዤ ቁጥር ለማሰጠት በቀን አምስት ጊዜ እሄድበት ነበር። አምስቱ ቀስ በቀስ ስምንት ሆነ። የክፍሌ ልጆች «ዛሬ ደግሞ የትኛው ደብዳቤ ነው ቁጥር የጎደለው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በመጨረሻ የጋብቻ ፈቃዱን ጥያቄ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ይህን ደግሞ በጥንቃቄ» አለኝ። የራሴን ሠርግ ፈቃድ ራሴ ተየብኩት።

መዝገብ ቤቱ ወደ ግቢው የሚከፈት ሰፊ መስኮት ነበረው። ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ስሙን ይናገራል፤ ባለቤቴ ማኅደሩን ከመደርደሪያው ያወጣና መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ያዞረዋል። ፊደሉ ወደ ባለጉዳዩ፣ ራስጌው ወደ እሱ። ሌሎቹ ሠራተኞች ማኅደሩን ወደ ራሳቸው አድርገው የፈለጉትን ብቻ ይናገሩ ነበር፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ያዞረዋል። ከጊዜ ብዛት የተገለበጠ ፊደል ማንበብ ለምዶ ነበር፤ እቤት እንኳ ጋዜጣ ሳነብ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከኔ ቀድሞ ይጨርሰው ነበር።

አንድ ቀን ቁጥር ለማሰጠት ቆሜ ሳለሁ፣ ከአቦከር ሰፈር የመጡ አንዲት ሴትዮ መስኮቱ ላይ ነበሩ።

«ልጄ፣ ጉዳዬ የት ደረሰ? ወሩን ሙሉ ነገ፣ ነገ ይሉኛል።»

ማኅደራቸውን አውጥቶ አዞረላቸው። «ይመልከቱት እናቴ።»

«ማንበቡን መች አውቅበትና!»

«ማንበብ አይፈልግም። ይኸውልዎ፣ ይሄ የመሐንዲሱ ፊርማ ነው። ይሄ ደግሞ የቀያሹ። እዚህ ጋ ግን ምንም የለም፤ አዩት? ጉዳይዎ የቆመው እዚህ ነው።»

ሴትዮዋ ሂና የሞቀ ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉ። «እዚህ የሚፈርመው ማነው?»

«ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛው በር።»

«ሦስተኛው በር!» ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ወላሂ፣ ዛሬ ሳይፈርም ምሳውን አይበላም።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ እየሳቁ ተመለሱ። «ለበርጫ፣ ጫቱን ሊቅም ሊወጣ ሲል ደረጃው ላይ ያዝኩት! ቆሞ ነው የፈረመልኝ።»

ዓርብ ዓርብ ደግሞ የሰሌዳው ቀን ነበር። በሳምንቱ የተወሰነውንና ያልተወሰነውን ጉዳይ ዝርዝር እሱ ያዘጋጃል፣ እኔ እተይባለሁ፣ ጠዋት በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ጁምዓ ሳይደርስ ግቢው ይሞላል። የሚያነብ ላላነበበ ይናገራል፤ ከዚያ ቀልዱ ይጀመራል።

«ያንተ ጉዳይ እኮ ካለፈው ዓርብ ወዲህ አንድ ክፍል ተራምዷል። በዚህ አካሄዱ ለልጅ ልጅህ ሠርግ ይደርስልሃል!»

«ዝም በል! ያንተ ጭራሽ ተኝቷል። ቀስ ብለህ አውራ፣ እንዳትቀሰቅሰው።»

ጉዳያቸው ያለቀላቸው ገበሬዎች በጊሽጣ ወራት ጊሽጣ በዘንቢል ይዘው ይመጡ ነበር። ባለቤቴ በመስኮቱ አሳልፎ አንድ ፍሬ አይቀበልም። «አግዳሚው ላይ ያስቀምጡት» ይላል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይበላል፤ ተራ ጠባቂው፣ ዘበኛው፣ ኃላፊውን ፍለጋ የመጣው ነጋዴ። ማታ ስንወጣ ግቢው በጥቁር የጊሽጣ ፍሬ ተሞልቶ እናገኘዋለን። እሱ ደስ ይለው ነበር፤ የጽዳቷ ሴት ግን ትረግመዋለች።

ያንን ጊዜ ሳስበው ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ጉዳይ ይጓተት ነበር፤ አድልዎም ነበር። ግን የቆመው ነገር የት እንደቆመ ሰው ያውቅ ነበር። ካወቀ ደግሞ ወዴት እንደሚጮኽ ያውቃል።

እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቀን አይዘጋም። መጀመሪያ ግቢውን ለማሳመር ተብሎ አግዳሚው ተነሳ። ቀጥሎ ለሰሌዳው ቁልፍ ያለው የመስታወት ክዳን ተሠራለት፤ ቁልፉ ጠፋና የአንድ ዓርብ ዝርዝር አራት ወር ሙሉ ውስጡ ቆይቶ ቢጫ ሆነ። ሠራተኛው ሁሉ ይገኝበት የነበረው የወር ስብሰባ የኃላፊዎች ብቻ ሆነ። ቃለ ጉባኤውም ወደ ጽሕፈት ክፍል መምጣቱን አቆመ፤ ማን እንደሚጽፈው፣ ይጻፍ አይጻፍ፣ አላውቅም። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም ሲሰሙት ደህና ነበር። ስለዚህ አንዳችንም ምንም አላልንም።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጠዋት ሲገባ ጽሕፈት ክፍል ድረስ መጥቶ ሰላም የሚለን እሱ ብቻ ነበር። እሱ በመጣ በዓመቱ፣ አንድ የጊደር መጋላ ገበያ ነጋዴ መስኮቱ ላይ ማኅደሩን ሲያገላብጥ በኅዳጉ በእርሳስ የተጻፈች ማስታወሻ አየ። እሱ ለዓመታት የጠየቀው ቦታ ለሌላ ሰው እንዲታሰብ የምትል ናት። ነጋዴው እዚያው ግቢ ውስጥ ጮኸ፤ ሰው ከመንገድ ሁሉ ገባ። ማስታወሻዋን የጻፋት ባለሥልጣን ምንም አልተባለም። የተቀጣው መስኮቱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ረቂቅ ይዞ መጣ። «እባክሽ ዛሬውኑ አድርሽልኝ።» ሰርኩላር ነበር። ከእንግዲህ ማኅደር ለባለጉዳይ እንዳይታይ፣ መስኮቱ እንዲዘጋ፣ ሰሌዳው እንዲነሳ፣ መረጃ የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል እንዲያመለክት የሚያዝ። ረቂቁ ድፍርስ ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገር በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ መጨረሻው አይገኝም። እኔ ደግሞ ድፍርስ አማርኛ መተየብ አልወድም። «ለባለጉዳይ ሊታይ የማይችል እንዲሆን የሚደረግ መሆኑ» የሚለውን ሰርዤ «አይታይም» አልኩት። ነጥቦቹን በተራ ቁጥር ለየሁ። ከግርጌው እንደ ልማዳችን የተየበው ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል ይገባል፤ የኔን አስገባሁ። ኃላፊው አንብቦ «የምትችይበት አንቺ ነሽ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ግን እውነቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰርኩላሩን ራሴ ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ አንብቦ ቁጥር ሰጠው፣ ማኅተም አደረገበት፣ ለየክፍሉ በየስማቸው ከፈለው። ማታ በግንቡ በር ገብተን፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ እየወረድን፣ የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት መሐል ነው የተናገረው።

«ጥሩ አማርኛ ነው» አለኝ። «አይታይም የምትለዋ ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት።»

«አውቄያታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሰርኩላሩ እቤታችን ውስጥ ቃል አልወጣም። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲጽፍ አየሁት። ቀስ ብሎ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈቱ።

«ልተይብልህ?» አልኩት።

«አይ፣ ይህን ተይው።»

ሰኞ አስገባው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ፤ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ በቀለም ቁጥር ሲጽፍ ጡረታው ደረሰ። መስኮቱ ላይ ኮምፔንሳቶ ተመታበት። ለተወሰነ ጊዜ ሰው እየመጣ ኮምፔንሳቶውን ያንኳኳ ነበር፤ ከዚያ ያም ቀረ።

ለምን አልጠየቅሽውም የሚለኝ ይኖራል። በመጀመሪያው ዓመት ፈራሁ። «ሰርኩላሩን ያሳመረችው ባለቤቴ ናት፤ እሷ ባለችበት መሥሪያ ቤት መሥራት አፈርኩ» ብሎ ጽፎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። «ጥሩ አማርኛ ነው» ያለኝን ቃል በየድምፁ እሰማው ነበር፤ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በፌዝ። እሱ ግን በፌዝ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ያ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ዓመት ሲያልፍ ጥያቄው አረጀ፤ ሰላም ያለበትን ቤት በአሮጌ ጥያቄ ማደፍረስ ከበደኝ። በመጨረሻ ታመመ። የታመመን ሰው ስለ ሰርኩላር አይጠይቁትም።

አርባው ከወጣ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ አያውቀኝም።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«መዝገብ ቤት።»

«ቀጠሮ አለዎት?»

«ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁት እናቴ። ቀጠሮ ነው ያልኩት።»

ቆይቶ አዘነልኝና ስልኬን ተቀብሎ አስገባኝ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ የደከመው ሴት ናት። ወንበር ሰጠችኝ። የባለቤቴን የሥራ ማኅደር ማየት እንደምፈልግ፣ በእጁ የጻፈው አንድ ደብዳቤ እንዳለበት፣ ሌላ ምንም እንደማልጠይቅ ነገርኳት።

«እትዬ፣ የሠራተኛ ማኅደር ለውጭ ሰው አይታይም።»

ያቺ የኔ ቃል በኔው ላይ ስትነገር ያን ዕለት ነው መጀመሪያ የሰማኋት። ደነገጥኩ።

«የውጭ ሰው እኔ ነኝ?»

«ጡረታ ከወጡ… አዎ።»

«እሱስ?»

«እሳቸውም። ነፍሳቸውን ይማር።» ዓይኗን ሰበረች። «ለእኔ ቢሆን ቤትዎ ድረስ ባመጣልዎ ደስ ይለኝ ነበር። በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ያመልክቱ።»

የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ማመልከቻዬን በበሩ ሥር አሾልኬ ተመለስኩ። ከወር በኋላ መልስ መጣ፤ የጠየቅሁት መረጃ በምስጢርነት የተመደበ በመሆኑ ጥያቄዬን ማስተናገድ አልተቻለም ይላል። ሁለት የፊደል ስሕተት አለው፤ ማን እንደተየበው ከግርጌ አልተጻፈም። ሁለተኛ አመለከትኩ። ሦስተኛ ሳመለክት ምክትል ኃላፊው ዘንድ ራሴ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ገልብጦ ከሸፈነ በኋላ አዳመጠኝ። ከማመልከቻዬ ጎን «በቦታው ተገኝተው ይመልከቱ፤ ቅጂ፣ ፎቶና ማስታወሻ አይፈቀድም» ብሎ ጻፈበት።

ማኅደሩ መጣ። ዳር ዳሩ ያለቀ፣ ካኪ። ገለጥኩት። የቅጥር ደብዳቤው ላይ የተለጠፈችው ፎቶ፣ ከመተዋወቃችን በፊት የተነሳት፣ ጠጉሩ ከፍ ብሎ። የጋብቻ ፈቃዱ። ልጃችን የተወለደች ጊዜ የጠየቀው አራት ቀን። የጣሪያው ማመልከቻዎች፣ በየክረምቱ አንድ። ሁሉም የኔ ጣት ያለፈባቸው ናቸው፤ የትኛው በየትኛው መኪና እንደተመታ ሳይቀር አውቃለሁ። ወደ ንብረት ክፍል የተዛወረበት ደብዳቤም አለ። በእጅ የተጻፈ ግን የለም። ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ።

«ምናልባት ተጥሎ ይሆናል እትዬ» አለች ሴትዮዋ። «ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ብዙ ወረቀት ተጥሏል።»

ወደ ቤት ተመለስኩና ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ሁለተኛ የሞተ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ምስር እየለቀምኩ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እኔ የፈለግሁት እንደ ሚስት ነበር፤ የባሌን ነገር ከባሌ ስም ሥር። እሱ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነው። ደብዳቤውን ያስገባ ዕለት ገና በዚያ ወንበር ላይ ነበር፤ ቁጥር የሰጠው ራሱ ነው፣ ያሠረውም ራሱ። እሱ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው፤ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር። «መልስ ከጥያቄው ጀርባ ይታሠራል። የሰውየውን ስም አትይ፤ ምን እንደሚመልስ እይ።» የእሱ ደብዳቤ ለሰርኩላሩ የተሰጠ መልስ ነው። ከሰርኩላሩ ጀርባ ይሆናል። ምስሩን እንደነበረ ትቼ ተነሳሁ።

«የሰርኩላሮቹን ፋይል አምጪልኝ» አልኳት ሴትዮዋን። ዓመቱንና ወሩን ነገርኳት።

«እትዬ፣ እሱማ ጭራሽ የውስጥ ነው።»

«ያንን ሰርኩላር የተየብኩት እኔ ነኝ። ከግርጌው ፊደሌ አለ። ከኔ ምኑን ትደብቂያለሽ?»

ሳቋን ዋጠች። ምክትሉ ዘንድ ወጣች፣ ቆየች፣ ተመለሰች። «አሥር ደቂቃ ብለዋል። እኔ ባለሁበት።» ፋይሉን አቧራውን አራግፋ ከፈተችው። ሰርኩላሩ አለ፤ ንጹሕ፣ ነጥቦቹ በተራ ቁጥር። ገለጠችው። ከጀርባው፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ያ ቀጥ ያለ ጽሕፈት።

ሴትዮዋ እኔን አየች፣ ፋይሉንም አየች። ከዚያ ወደ እኔ አዞረችው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን እንባዬ ስላስቸገረኝ አልቆጥረውም። ብዕር የለኝም፣ ስልኬ ጥበቃው ጋ ነው። ስለዚህ በቃሌ ያዝኩት፤ ልጅ ሆኜ ዳዊት እንደያዝኩት፣ ሐረግ በሐረግ።

«ጨርሰዋል እትዬ?»

«አልጨረስኩም።»

ሰዓቷን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስንት ደቂቃ እንደጨመረችልኝ እሷ ታውቃለች።

ባጃጅ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ መጣሁ። ሾፌሩ ጸሎት መስሎት ሬዲዮውን ቀነሰልኝ። በግንቡ በር ላይ ወርጄ በጠባቡ መንገድ ስገባ፣ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማለች። ጊደር መጋላ ቅመም የምትሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተጎራበትን ሴት ናት። እሱ የሞተ ሰሞን ውሃ በጠፋበት ሳምንት ጀሪካኗን ለለቀስተኛው ያስቀደመች እሷ ናት። እኛ ሰፈር ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሳይባል አይታለፍም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ሞከርኩ።

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው? ደህና ዋልሽ? አገኘሽው? አሁንም ከለከሉሽ?»

እሷን ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። «አገኘሁት፤ ኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። አምስት ቃል አይሞላም። ቤቴ ገብቼ ብዕር ሳነሳ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመሐል የለችም።

የቀረውን ጻፍኩ። ይኸው፦

«ጉዳዩ፦ ከመዝገብ ቤት ወደ ሌላ ክፍል እንድዛወር ስለመጠየቅ።

ማኅደር ለባለጉዳይ እንዳይታይ የሚያዘውን ሰርኩላር ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለየክፍሉ አሰራጭቻለሁ። ትእዛዝ ስለሆነ አልጣስኩትም። ሆኖም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያይ ማድረግ ሥራዬ ነው ብዬ በዚህ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። በዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ያንኑ ሰው መመለስ አይሆንልኝም። መስኮቱ …… ነበር። ሰርኩላሩ ከረቂቁ ይልቅ ግልጽ ሆኖ መውጣቱ ለባለጉዳዩ ጠቅሞታል፤ ቢያንስ ምን እንደተከለከለ ያውቃል። ይህን ማመልከቻ በእጄ የጻፍኩት በውስጡ ላለው ሐሳብ የጽሕፈት ክፍል ባልደረባ እንዳይጠየቅበት ነው። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ለሚተካኝ ሰው ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።»

ረቂቁን መቼ እንዳየው አላውቅም። ምናልባት ከኔ ጠረጴዛ ማዶ ቆሞ፣ እንደተገለበጠ አንብቦት።

ጎረቤቴ ዝም ብላ አልቀረችም፤ ተከትላኝ ገብታ ስጽፍ ሳለሁ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ኖሯል። ብዕሩን ሳስቀምጥ «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። ጉንጯን ይዛ አዳመጠች።

«የጽሕፈት ክፍል ባልደረባ ያለው አንቺን ነው?»

«እኔን ነው።»

«ሱብሃነላህ! ሚስቴ አይልም?»

«በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሚስቴ አይባልም።»

ተሳሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ጣቷን ወደ ወረቀቱ ዘረጋች። «እዚህ መሐል ላይ ዝም አልሽ። ምነው?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፋችብኝ። መስኮቱ ብላ ትጀምራለች፣ ነበር ብላ ታበቃለች። መሐሏን አጣሁት።»

«መቼ?»

ብዕሬን ከደንኩ። እሷ ግን ብልህ ናት።

«አስተግፊሩላህ! በኔ ሰላምታ ነው!»

«በአንቺ ሰላምታ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደ መኪና ጥለሽኝ አላለፍሽም!» ተነስታ ቆመች። «ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ። ስንመለስ አንድ ቃል ብተነፍስ፣ ምላሴን ቁረጪው።»

«ቀጠሮ አላችሁ ወይ ይሉናል።»

«ለአንድ ዓረፍተ ነገር?»

ሰኞ ሄድን። ጥበቃው እሷን አላስገባትም፤ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ማመልከቻዬን ለመዝገብ ቤቷ ሴት ሰጠኋት። ጉዳዩ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር በድጋሚ ለማንበብ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እትዬ፣ ይህን ወደየትኛው ክፍል ልምራው?»

«ደብዳቤው እጅሽ ላይ አይደለም እንዴ? አንቺው ብታነቢልኝስ?»

መደርደሪያውን አየች፣ በሩንም አየች። ለአፍታ የምትነሳ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የገቢ መዝገቡን ስባ ቁጥር ሰጠችኝ።

«ሲፈቀድ እንደውልልዎታለን» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

ማመልከቻውን ካስገባሁ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ አልተደወለልኝም። በየሰኞው ሄጄ እጠይቃለሁ። ጥበቃው አሁን ያውቀኛል፤ ስልኬን ሳይጠይቀኝ እጁን ይዘረጋል።